ሴልሺየስ፣ ፋራናይት ወይስ ኬልቪን? ቴርሞሜትርስ የቱን እንግዛ? (ለጎጃም ሰው፣ ከአባይ በረሃ እስከ ጮቄ)

ቴርሞሜትር ምረጥልኝ የሚለኝ ሰው በዝቷል፣ ጫጩት የሚያሳድገው፣ ወተት የሚያቀርበው፣ ልጅ የታመመባት እናት፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ፣ ሁሉም "የትኛው ነው አሪፉ" ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ደግሞ መልሼ ለምን ፈለግከው እላለሁ፣ ምክንያቱም ለምጣድ የሚሆነው ለህፃን ብብት አይሆንም፣ የህፃኑን ደግሞ የፈላ ወተት ውስጥ ብትከቱት ጧ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ መጀመሪያ ስኬሉን (የሙቀት መቁጠሪያውን) እንምረጥና ከዛ ወደ እቃው እንሄዳለን።

ከዛ በፊት ግን ምን እንደምንለካ እንስማማ። የአንድ ነገር የሙቀት መጠን ማለት ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሞለኪውሎች በአማካይ ምን ያህል እየተራወጡ ነው የሚለው ነው፣ ጠቅላላ የያዘው ጉልበት ማለት አይደለም። አንድ ሲኒ የፈላ ውሃና አንድ በርሜል ለብ ያለ ውሃ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ቴርሞሜትር ላይ የሚበልጠው ሲኒው ነው፣ ቤቱን ሲያሞቅ የሚያድረው ግን በርሜሉ ነው። እጃችን ደግሞ ይሄን ለመለየት የሚታመን አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ ጠዋት ተነስታችሁ የበሩን እንጨትና የመቀርቀሪያውን ብረት ንኩ፣ ብረቱ በጣም የቀዘቀዘ ይመስላል፣ ሁለቱም ግን አንድ ብርድ ላይ ነው ያደሩት፣ ቢለኩ እኩል ናቸው። ብረቱ የእጃችንን ሙቀት ቶሎ ስለሚነጥቀን ብቻ ነው። እና ህፃን ልጅ ግንባሩን ዳሶ "ትኩሳት አለው" ማለት ከውጭ ብርድ ላይ የገባ እጅ ከሆነ የዳሰሰው አይሰራም፣ ሁሉንም ነገር ትኩስ ነው የሚለው።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር፣ ቴርሞሜትር የሚነግራችሁ የራሱን ሙቀት ነው። የወተቱን ሳይሆን ወተቱ ውስጥ ያለውን የራሱን ጫፍ። ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ መጠበቅ ግዴታ ነው፣ ቁጥሩ እየወጣ እያለ አይቶ ማውጣት ምንም ማለት አይደለም።

ስኬሉን በጥያቄያችሁ ምረጡት

ሰው ስለ ሙቀት የሚጠይቀው ጥያቄ ሶስት አይነት ነው። የቱ ይበልጥ ይሞቃል? በስንት ይበልጣል? ስንት እጥፍ ነው? ለሶስቱም የሚመልሰው ስኬል የተለያየ ነው፣ ብዙ ግርግር የሚመጣው ለአንዱ ጥያቄ የሌላውን ስኬል ስንጠቀም ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ድሮም ስኬል አለን፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። በደምሳሳው ከ1,500 ሜትር በታች ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዛ በላይ ውርጭ ነው፣ ጎጃም ላይ ደግሞ አራቱንም ታገኟቸዋላችሁ ምክንያቱም ከአባይ ሸለቆ ተነስታችሁ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ጫፍ ድረስ ነው የምትወጡት። በአማካይ 1,000 ሜትር ስትወጡ አየሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ የሚያወርደው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ብቻውን 8 ወይ 9 ዲግሪ ልዩነት አለው፣ ጃኬት አውልቁ የሚያሰኘው እሱ ነው። ገብሱ የት ማሽላው የት እንደሚዘራ ለመወሰን ይሄ የአባቶች ስኬል በቂ ነው፣ እንዲያውም ከአንድ ቀን የቴርሞሜትር ንባብ ይሻላል ባይ ነኝ፣ የብዙ ዘመን አማካይ ነዋ። ግን በስንት እንደሚበልጥ አይነግራችሁም። የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን "ወይና ደጋ" ላይ አድርጉልኝ አይባልም።

በስንት የሚለውን ሴልሺየስም ፋራናይትም ይመልሳሉ። ፋራናይት የሚባለው ዳንትሲግ በሚባል ከተማ የተወለደ የመሳሪያ ሰሪ ነው፣ ስኬሉን ያወጣው 1724 ላይ ሲሆን ዜሮውን የወሰደው ከበረዶ፣ ውሃና አሞኒየም ክሎራይድ ከሚባል ጨው ቅልቅል ነው፣ በሱ ስኬል ውሃ 32 ላይ ይረጋል 212 ላይ ይፈላል። ስዊድናዊው ሴልሺየስ ደግሞ 1742 ላይ መጣና በመርጊያና በመፍያው መሀል 100 ክፍል አደረገ፣ ሚገርመው መጀመሪያ ገልብጦ ነው የሰራው፣ መፍያውን 0 መርጊያውን 100፣ እሱ 1744 ከሞተ በኋላ ነው አሁን ወደምናውቀው የተገለበጠው። ሴንቲግሬድ የሚል እቃ ካያችሁ ያው ሴልሺየስ ነው፣ 1948 ላይ ነው በይፋ ስሙ የተቀየረው፣ ሻጩ ልዩነት አለው ቢላችሁ እንዳትሰሙት።

የትኛው ይሻላል ካላችሁኝ ለኛ ሴልሺየስ ነው፣ ክርክርም የለውም። ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም የአየር ትንበያውም በሱ ነው። ፋራናይት ትክክለኛነቱ አንሶ አይደለም፣ ዲግሪው አነስ ስለሚል እንዲያውም ያለ ነጥብ ጥቃቅን ልዩነት ያሳያል፣ ግን ጎረቤትህ የማይናገረውን ቋንቋ መናገር ምን ይጠቅማል። ማወቅ ያለባችሁ ከውጭ የመጣ እቃ እንዳያስደነግጣችሁ ብቻ ነው። እኛ ሰፈር ከአሜሪካ የተላከ ቴርሞሜትር ህፃኑ ብብት ገብቶ 99 ሲል አያቲቱ "ወይኔ ልጄ ፈላ!" ብለው ነጠላቸውን ሊያጣፉ ነበር፣ "እማማ፣ እነሱ አገር በሌላ ነው የሚቆጥሩት፣ በኛ 37 ከምናምን ነው፣ ደህና ነው" ሲባሉ ነው ቁጭ ያሉት። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ ከፋራናይቱ 32 ትቀንሱና ለ1.8 ታካፍላላችሁ፣ ወደዛ ስትሄዱ ደግሞ ሴልሺየሱን በ1.8 አባዝታችሁ 32 ትደምራላችሁ። በቃል ለመያዝ 98.6 ማለት 37፣ 100.4 ማለት 38 ነው። 40 ከዜሮ በታች ላይ ሁለቱም አንድ ቁጥር ናቸው፣ ለጨዋታ እንጂ ለጎጃም አይጠቅመንም።

አንድ ወጥመድ አለ እዚህ ጋ፣ ልዩነት ስትቀይሩ 32ቷ አትደመርም። "ሙቀቱን በሳምንት በ3 ዲግሪ ቀንሱ" የሚል የጫጩት መመሪያ ወደ ፋራናይት ሲቀየር 5.4 ነው፣ 37.4 አይደለም። እንደዛ የተቀየረ መመሪያ ስልክ ለስልክ ሲዞር አይቻለሁ፣ ጫጩቶቹን በረዶ ቤት የሚያስገባ ነው።

ስንት እጥፍ ለሚለው ግን ሁለቱም አይሆኑም። 20 ዲግሪ ከ10 ዲግሪ እጥፍ ይሞቃል የሚል ሰው ተሳስቷል፣ ዜሮው ሰው የመረጠው ዜሮ ነው እንጂ የሙቀት ባዶ አይደለም። እውነተኛው ባዶ ከዜሮ በታች 273.15 ሴልሺየስ ላይ ነው፣ ከዛ ጀምሮ የሚቆጥረው ኬልቪን ነው፣ ዊልያም ቶምሰን (በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው) 1848 ላይ ያቀረበው ሃሳብ። በኬልቪን 10 ዲግሪ 283 ነው፣ 20 ደግሞ 293፣ ልዩነታቸው 3.5 በመቶ ብቻ። ምን ይሰራልኛል ለምትሉ ሹፌሮች፣ ደጀን ላይ ጎማችሁ ውስጥ ያለው አየር 15 ዲግሪ ነበር እንበል፣ በረሃው ውስጥ 45 ደረሰ። በሴልሺየስ ካሰላችሁት 3 እጥፍ ሆነ፣ ጎማው ድልድዩ ሳይደርስ ፈነዳ ማለት ነው። በኬልቪን ግን ከ288 ወደ 318 ነው፣ ግፊቱ የጨመረው 10 በመቶ ገደማ ነው (ጌጁ ላይ ያለውን ከውጭው አየር ግፊት ጋር ደምራችሁ ስታስቡት)። ስለዚህ የጋዝ ጥያቄ ፈተና ላይ ከመጣ መጀመሪያ 273 ደምሩ፣ ሳይደምሩ የገቡ ተማሪዎች ብዛት ያሳዝናል። ደግሞ "ዲግሪ ኬልቪን" አይባልም፣ ዝም ብሎ ኬልቪን ነው። ከ2019 ጀምሮ ትርጉሙ ራሱ ከውሃ ተላቆ ቦልትዝማን ኮንስታንት በሚባል የተፈጥሮ ቁጥር ላይ ነው የቆመው። ራንኪንና ሬኦሚር የሚባሉ ስኬሎችም አሉ፣ እለፏቸው።

አሁን ወደ እቃው

የድሮው የብርጭቆ ሜርኩሪ፣ የሀኪሙ፣ ለሰውነት ብቻ ነው የተሰራው፣ ከ35 እስከ 42 ነው የሚያነበው። አንገቱ ላይ ጠበብ ያለች ቦታ አለች፣ ሜርኩሪው ከወጣ በኋላ ተመልሶ እንዳይወርድ የምትይዘው እሷ ናት፣ ለዛ ነው ከመለካታችሁ በፊት ማራገፍ ያለባችሁ። ባትሪ አይፈልግም፣ ትክክለኛነቱም አይታማም። ግን መርዝ ነው። ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት (2013) አገሮች ከ2020 በኋላ እንዳያመርቱትና እንዳይነግዱበት ወስኗል፣ እኔም አሁን አዲስ ግዙ አልልም። ቤት ያለ ካለና ከተሰበረ በመጥረጊያ አትጥረጉት በእጅም አትንኩት፣ ልጆቹን አስወጥታችሁ መስኮት ክፈቱ፣ በካርቶን ጫፍ ሰብስባችሁ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት። ያልተሰበረውን ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ ላጽዳው ማለትም አይሰራም፣ ሜርኩሪው መሄጃ ሲያጣ ነው የሚፈነዳው።

ቀይ ፈሳሽ ያለው የብርጭቆ ደግሞ ለቤትና ለውጭ አየር ጥሩ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከወደቀም መርዝ አይደፋም። ስትገዙ ቀዩን መስመር በደንብ እዩት፣ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ መጥቶ መሀሉ ላይ ተቆርጦ ክፍት ቦታ ካለው ንባቡ ሁሉ ውሸት ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቁጥርም እዩ፣ ከዛ በላይ ለሆነ ነገር አትንከሩት።

ለብዙ ሰው የምመክረው ሹል የብረት ዘንግ ያለውን ዲጂታል ነው። ጫፉ ውስጥ ቴርሚስተር አለ፣ ሙቀት ሲጨምር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ጠባዩ የሚቀየር ትንሽ ነገር። ወተት፣ ማር፣ ውሃ፣ የጫጩት ቤት፣ ለሁሉም ያገለግላል፣ አብዛኛው ከዜሮ በታችም ከ200 በላይም ያነባል። ዘንጉን እንጂ ጭንቅላቱን ውሃ እንዳታስነኩት። ደግሞ 37.6 ብሎ ነጥብ አሳየ ማለት ለነጥብ ትክክል ነው ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ በ1 ዲግሪ ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ራሱ ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል፣ ለልጅ ትኩሳት አትጠቀሙበት፣ ለሱ የሰውነት ዲጂታል የሚባለውን ለብቻው ግዙ።

ለዳቦ ቤት ምድጃ፣ ለብረት ስራና ለሸክላ መተኮሻ ቴርሞካፕል ነው፣ ሁለት የተለያየ ብረት ጫፍ ለጫፍ ተበይዶ ሙቀቱ ሲለያይ ትንሽ ቮልት ይፈጥራል፣ አይነት ኬ የሚባለው ከ1,000 ዲግሪም በላይ ያነባል። ለቤት ግን ትርፍ ነው።

አሁን ሁሉም የሚወደው ሽጉጥ መሳዩ ኢንፍራሬድ። ሳይነካ ይለካል፣ በሰከንድ ያሳያል፣ የሸክላ ምጣድ ደግሞ ለሱ የተሰራ ነው የሚመስለው፣ እንጀራ የሚጋገርበትን 200 ዲግሪ አካባቢ በብርጭቆ ልለካ ብትሉ አይሆንም፣ በሱ ግን መሀሉንና ጠርዙን እየቀያየራችሁ የቱ ጋ እንደሚያር ታያላችሁ። ችግሩ የሚለካው ላዩን ብቻ ነው። ከዛ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ብረት ይዋሸዋል። ውሃ የሚፈላበት የአሉሚኒየም ድስት ውሰዱ፣ ጥላሸት የያዘውን ጎን አልሙና ተኩሱ፣ ወደ ትክክለኛው የቀረበ ያሳያችኋል፣ ተፈትጎ የሚያበራውን ጎን ስትተኩሱ ግን ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ድስቱ ያው አንዱ ድስት ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር የራሱን ጨረር ትንሽ ይሰጥና የአካባቢውን ያንጸባርቃል። መፍትሄው ጥቁር ወይም የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ እሱን መለካት። ቀይዋ የሌዘር ነጥብ የምትለካ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ፣ እሷ ማነጣጠሪያ ብቻ ናት፣ 12 ለ 1 የሚል ከተጻፈበት ከ60 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው በአማካይ የሚያነበው፣ በራቃችሁ ቁጥር ግድግዳውንም ይደምራል። የምጣዱን ሽጉጥ ልጅ ግንባር ላይ አትደግኑት፣ የግንባሩ ለብቻ አለ፣ እሱም ልጁ ከፀሐይ ወይም ከላብ ከወጣ ትንሽ አስቀምጣችሁ ነው።

መፈተኛው፣ እኛ ጋ 100 የለም

ይሄን ክፍል ሁሉም ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። ሰው አዲስ ቴርሞሜትር ገዝቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ይከተዋል፣ 92 ይላል፣ "የተበላሸ ነው የሸጡልኝ" ብሎ ሱቁ ሄዶ ይጣላል። እቃው ደህና ነው! ውሃ 100 ላይ የሚፈላው ባህር ወለል ላይ ነው። ከፍ ስንል ከላያችን የሚጫነን አየር ስለሚቀንስ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች 94 አካባቢ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ስለምታልፍ 92፣ አባይ ድልድዩ ጋ 96 ከምናምን፣ ጮቄ ጫፍ ላይ ደግሞ 86 ወይ 87። ሽሮው አይጎዳም፣ ባቄላና አተር ግን ለመብሰል የሚዘገየው ለዚህ ነው፣ እሳት ብትጨምሩበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ፈቅ አይልም፣ የሚረዳው ግፊት ይዞ የሚያበስለው ድስት ነው። ለመጠጥ ውሃ ስታፈሉም ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ስለዚህ መፈተኛችሁ በረዶ ይሁን። የበረዶ መቅለጫ ከፍታ አያስቸግረውም፣ ደብረ ማርቆስና ጅቡቲ ላይ ያለው ልዩነት የዲግሪ ሺህኛ ነው። ከፍሪጅ በረዶ አውጡ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ፈጭ አድርጉት፣ ብርጭቆውን በሱ ሙሉትና ክፍተቱን የሚሞላ ያህል ብቻ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ጨምሩ፣ ጨው አይንካው። እያማሰላችሁ ሁለት ሶስት ደቂቃ ቆዩ፣ ጫፉ ታችም ጎንም ሳይነካ መሀል ይሁን። 0 ወይም በ1 ዲግሪ ውስጥ ካለ ጥሩ ነው። 2 ካሳየ ደግሞ መጣል የለባችሁም፣ ላዩ ላይ ጻፉበትና ሁሌ 2 ቀንሱ፣ ከዛ የከተማችሁን መፍያ ላይ ደግማችሁ ፈትሹት፣ እዛም በዛው ልክ ከበለጠ እርማቱ ይሰራል፣ ካልሆነ መልሱት። የሰውነቱ ቴርሞሜትር ግን በዚህ አይፈተሽም፣ እስከ 0 ድረስ ወርዶ ስለማያነብ ዝቅተኛ ነው ብሎ ያቆማል፣ እሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከሌላ ከሚታመን ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አወዳድሩት።

ለምን ስራ የቱን

ለህፃን የሰውነት ዲጂታል፣ ብብቱ ደርቆ፣ ክንዱ ተጠግቶ፣ እስኪጮህ ድረስ። በብብት 37.5 እና ከዛ በላይ ትኩሳት ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ህፃን ከሆነ 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደ ሌላ ነገር ሳትሞክሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ዝቅ ማለቱም እንደ ትኩሳቱ አደገኛ ነው።

ለጫጩት የዘንጉ ዲጂታል ወይም ቀዩ ይበቃል፣ ግን ጣሪያ ላይ አትስቀሉት፣ ጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35፣ ከዛ በየሳምንቱ 3 ያህል እየቀነሳችሁ። ተሰብስበው መብራቱ ስር ከተደራረቡ ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል ምን በርዷቸዋል፣ ከሱ እነሱን እመኑ።

ለወተት ዘንጉ፣ 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ወይም 72 ላይ 15 ሰከንድ። ይሄ ከመፍያችን በታች ስለሆነ ከፍታው ምንም አያደርገውም። ለማርም እሱው ነው፣ የረጋውን ስታሟሙ ከ40 አታሳልፉት ማለት ነው፣ ሰሙ የሚቀልጠው 62 እና 64 መሀል ስለሆነ ሰም እስኪቀልጥ ያሞቀ ሰው ማሩን አበላሽቶታል።

ድንችና ገብስ ላለው የደጋ ገበሬ ደግሞ ዝቅተኛውን መዝግቦ የሚያሳድር ቴርሞሜትር ነው የሚሻለው፣ ውርጭ የሚመጣው ሊነጋጋ ሲል ነውና ማን ተነስቶ ያያል። ሰማዩ ጠርቶ ንፋስ በሌለበት በጥቅምትና በህዳር ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ቅጠሉ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የሜትሮሎጂ ጣቢያ የሚለካው ደግሞ ከመሬት ከ1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ነጭ አየር የሚያስገባ ሳጥን ውስጥ፣ ጥላ ላይ ነው። ስለዚህ ዜናው 3 ዲግሪ ነው ቢልም ቅጠላችሁ ላይ አመዳይ ሊኖር ይችላል፣ ማንም አልዋሸም፣ የለካችሁት የተለያየ ቦታ ነው። የራሳችሁን ለሰብል ከሆነ በቅጠሉ ቁመት አድርጉት፣ ከሬዲዮው ጋር ለማወዳደር ከሆነ ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የሚነግራችሁ ፀሐይ ስንት አድርጋ እንደጠበሰችው ነው።

ለአንድ ብቻ ነው ገንዘብ ያለኝ ካላችሁ፣ ቤት ህፃን ካለ የሰውነቱን፣ ከሌለ የዘንጉን። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ አስከፍቱት፣ ቁጥሩ ጎን ያለው የላቲን ፊደል ኤፍ ከሆነ መቀየሪያውን አብራችሁ ጠይቁ፣ አብዛኛው ላይ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ወይም ከኋላ ያለች ትንሽ ቁልፍ ናት። ሁለት ሶስቱን አንድ ላይ አስከፍታችሁም አወዳድሩ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያደሩ እቃዎች አንድ ቁጥር ነው ማሳየት ያለባቸው፣ ከመሀላቸው የሚያፈነግጠውን ተዉለት።